ለተረኛዋ አራት ስክሪን

የኮምፒውተር መደብሩ ባለቤት ጥያቄውን ያቀረበው ከገዢዋ ጋር ለመጣው ታላቅ ወንድሟ ነበር። «እህትዎ ምን ሊሠሩበት ነው? ለፊልም ነው ወይስ ከልጆች ጋር ለመደዋወል?» አለው፣ እሷ እዚያው አጠገቡ ቆማ እያለች።

ወንድሟ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው። ሳይጠየቅ መመለስ የሚወድ ሰው የዚያን ቀን ተጠይቆም አፉ ተሳሰረ። እህቱ የምትፈልገውን ነገር በሰው ፊት መናገር አሳፍሮት ነበር። ስለዚህ እሷው መለሰች። የአክሲዮን ንግድ ልትሠራበት እንደሆነ፣ ጠዋት የገዛችውን በዚያው ቀን ሸጣ እንደምትወጣ፣ ለዚህም አራት ስክሪን ባንድ ጊዜ የሚያሠራ ኮምፒውተር እንደምትፈልግ ነገረችው። ወንድሟ የመጣው ዕቃ ለመሸከም ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ ጥያቄ ካለው ለእሷ ቢያቀርብ እንደሚሻልም ጨመረችለት።

ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿ «ተረኛዋ» ይሏታል። ሃያ ሰባት ዓመት የሠራችው በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ስክሪን ተደርድሯል፤ የከተማዋ የመብራት መስመር ሁሉ እዚያ ላይ በአረንጓዴ ክር ተስሏል። አንድ መስመር ሲወድቅ ክሩ ይቀላል፣ ደወል ይጮሃል። ተረኛው የቱ ጋ እንደተበላሸ አይቶ፣ ለመስክ ሠራተኞች ደውሎ፣ ኃይሉን በሌላ መስመር ያዞራል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ አምፖሉ ጠፍቶ ወዲያው ሲበራ «ተመስገን» ብሎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል፤ ያንን መብራት የመለሰችው ብዙ ጊዜ እሷ ነበረች። ቅጽል ስሙ የወጣላት ደግሞ የታመመው፣ ልጅ የዳረው፣ የደከመው ሁሉ ተራውን እሷ ላይ ጥሎ ስለሚሄድ ነው። እምቢ ማለትን የተማረችው በጣም ዘግይታ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ አዲስ አሠራር አስገባ። ሦስት መቆጣጠሪያ ክፍሎች ወደ አንድ ተጠቃለሉና ዕድሜያቸው ከሃምሳ ላለፈ ሠራተኞች የጡረታ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው ስለ ረጅም አገልግሎቷ ካመሰገነ በኋላ «ለአዲሱ ቴክኖሎጂ የሚመጥን የሰው ኃይል ማደራጀት በማስፈለጉ» ይላል። ያቺ ሐረግ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረች። በሽኝቱ ዕለት የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት፤ ከነማሸጊያው ለበሩ ጥበቃ ሰጥታው ወጣች።

አክሲዮን ግዢ ብሎ የመከራት ሰው የለም። ከጡረታው ጋር የተሰጣትን ገንዘብ ምን ላድርገው ብላ ስታነብ የዋጋ መስመር የሚያሳይ ሥዕል አየች፤ የሚወጣና የሚወርድ ክር፣ ድንገት የሚቀላ ቀለም፣ ሳይደናገጡ በሰከንዶች ውስጥ መወሰን። ይህንን ሥራማ አውቀዋለሁ አለች። እውነቱን ለመናገር አታውቀውም ነበር፤ የምታውቀው ማየቱን ነው። ልዩነቱን ለመማር አንድ ዓመት ተኩል ፈጀባት፤ ያንንም ጊዜ ሁሉ የተለማመደችው ዋጋው የእውነት፣ ገንዘቡ ግን የውሸት በሆነ የልምምድ ሂሳብ ላይ ነው።

የምትለማመደው ልጇ በተወችላት አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። አንዱን መስኮት ስትከፍት ሌላው ይሸፈንባታል። አንድ ቀን ጠዋት የሰረዘችው የመሰላት የግዢ ትእዛዝ ከዋጋው ሥዕል ኋላ ተደብቆ ቆይቶ፣ ሳታየው ተፈጸመና ከሰረች። የከሰረችው የውሸት ገንዘብ ነው፤ ንዴቷ ግን የእውነት ነበር። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አንዱ መስመር ሌላውን ሸፍኖባት አያውቅም። ላፕቶፑን ዘጋችና ጎረቤት ካለው ሸቀጣ ሸቀጥ ቤት ካርቶን ለምና መጣች።

ካርቶኖቹን በስክሪን ልክ ቆርጣ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፈቻቸው። መጀመሪያ ስድስት አደረገች። በባዶ ካርቶን ፊት ለፊት ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው ታዞራለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። በሦስተኛው ቀን አንገቷን አመማት፤ ከላይ ያሉትን ሁለቱን አነሳች። በስድስተኛው ቀን የቀኙን ጫፍ አቁማ ለጠፈችው፣ ረጅም ዝርዝር ቁልቁል ለማንበብ እንዲመች። በሳምንቱ መጨረሻ የሚያስፈልጋትን በልኩ አወቀች፦ አንዱ ለምትነግድበት አክሲዮን ዋጋ፣ አንዱ ለጠቅላላው ገበያ፣ አንዱ ለትእዛዝና ለሂሳብ ብቻ፣ የቆመው ለዜናና ለስም ዝርዝር። የትእዛዙን መስኮት ምንም ነገር አይሸፍነውም። ወንድሟ ሊጠይቃት የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። እህቱን በባዶ ካርቶን ላይ አፍጥጣ ሲያገኛት ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ቀኑን ዋለ። ለብቻዋ መደብር ከምትሄድ አብሬያት ብሄድ ይሻላል ያለውም ከዚያ ወዲህ ነው።

መደብሩ ውስጥ ባለቤቱ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ በራ። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ሰማያዊና ሐምራዊ መብራት የሚዞርበት ትልቅ ሳጥን ባንኮኒው ላይ አወጣ። «ማዘር፣ ይሄ አንበሳ ነው» አላት። ስንት ስክሪን እንደሚችል ጠየቀችው። የፈለጉትን ያህል፣ ስድስትም ይችላል አለ። እሷ መነጽሯን አድርጋ ወደ ሳጥኑ ጀርባ ዞረችና የስክሪን መሰኪያዎቹን በጣቷ ቆጠረች። ሦስት ናቸው። ባለቤቱ አልደነገጠም፤ ከመሳቢያ ውስጥ አንዱን መሰኪያ ለሁለት የሚከፍል ትንሽ ዕቃ አውጥቶ፣ ይኸውልዎ አራት ሆነ አላት።

«ገጥመህ አሳየኝ» አለችው።

አያስፈልግም፣ ሰው ሁሉ የሚወስደው ይህንን ነው ብሎ ሊያሳምናት ሞከረ። እሷ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች። በመጨረሻ ከኋላው ክፍል ጥገና የሚሠራውን ባለሙያ ጠራው፤ ብሎን መፍቻ በሸሚዝ ኪሱ የሰካ፣ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ባለሙያው አራት ስክሪን ደርድሮ ገጠመ። ሦስቱ የየራሳቸውን ገጽ ይዘው በሩ። አራተኛውም በራ፤ ግን የሦስተኛውን ገጽ ነው ያሳየው። ማውሱን ስታንቀሳቅሰው ቀስቷ በሁለቱም ላይ እኩል ትሄዳለች።

«ይሄ መስታወት ነው» አለች ተረኛዋ። «መስታወት ቤቴ አለኝ።»

ባለሙያው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ኬብሎቹ አጎነበሰ። ባለቤቱ ግን ቀላ። በዚህ ዕድሜ አራት ስክሪን ዓይን ይጎዳል፣ አንድ ሰፊ ስክሪን ቢበቃዎትስ ማለት ጀመረ። አመስግናው ወጣች። በሯ ላይ ሲደርሱ ወንድሟ በሰው ሱቅ ውስጥ እንዳዋረደችው ነገራትና ሄደ። ቤቱ እንደገባ ለልጇ ደወለላት።

ልጇ በሌላ ሰፈር መድኃኒት ቤት ያላት ፋርማሲስት ናት። እሁድ ሁለቱም ለምሳ መጡ፤ ምሳው እንዳለቀ የመጡበት ጉዳይ ወጣ። ወንድሟ ብዙ ተናገረ። ነገሩ ስሙ ቢያምርም ቁማር እንደሆነ፣ እሷ ማረፍ የሚገባት ሰው እንደሆነች፣ ጎረቤት ካርቶኖቹን በመስኮት አይቶ ምን ሆናለች እያለ እንደሚጠይቀው ዘረዘረ። ልጇ ጎረቤቱ አላስጨነቃትም፤ የፈራችው እናቷ ያላትን ሁሉ አስረክባ ባዶ እጇን እንዳትቀር ነው። ተረኛዋ ተነስታ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣችና ለልጇ ሰጠቻት። ከጡረታ ገንዘቧ አምስተኛውን እጅ ብቻ እንደምትነካ፣ በአንድ ቀን ከወሰነችው ልክ በላይ ከከሰረች ኮምፒውተሩን ዘግታ እንደምትነሳ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ብታተርፍም ባታተርፍም እንደምታቆም፣ ከማንም እንደማትበደር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ቀኑ የተጻፈው ከአራት ወር በፊት ነው።

ወንድሟ ወረቀቱን ሳያነበው ገፋ አደረገው። «ወረቀትማ ቁማርተኛም ይጽፋል» አለ።

ያኔ ነው ድምጿን ከፍ ያደረገችው። «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሆስፒታሉም መብራት፣ የውሃው ፓምፕም፣ የእናንተም ማቀዝቀዣ እጄ ላይ ነበር። ያኔ አንዳችሁም ትችያለሽ ወይ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። አሁን የራሴን ገንዘብ በራሴ ቤት ልጠብቅ ስል ነው አቅሜ ያሳሰባችሁ?»

«ብትከስሪስ?»

«እከስራለኋ። ስከስር ደግሞ ደውዬ እነግርሃለሁ። ፈቃድ ግን አልጠየቅኩህም፣ ጋሼ። ለምሳ ነው የጠራሁህ።»

ልጇ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የገዛሽውን ሳትሸጪው መብራት ቢጠፋስ እማዬ ብላ ጠየቀች። ተረኛዋ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ እኮ የምመልሰው እኔ ነበርኩ።»

ከዚያ አስረዳቻት። መብራት ሲሄድ የሚረከብ ባትሪ፣ ዩፒኤስ የሚሉትን፣ ትገዛለች። ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም ዕቃ እሱ ላይ ሲጭን ነው፤ ያኔ ባትሪው በአምስት ደቂቃ ያልቃል። እሷ የምትሰካበት ኮምፒውተሩን፣ የኢንተርኔቱን ሳጥንና የትእዛዙን ስክሪን ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ይጥፉ፤ ለመውጣት አንድ በር ይበቃል። ኢንተርኔቱም በኬብል ይሆናል፣ ዋይፋይ አታምንም፤ ኬብሉም ቢበጠስ ስልኳ ላይ የተጫነ ፕሮግራም አለ። ልጇ ሰምታ ሰምታ፣ ይህንን ያህል ያሰበ ሰው መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ቢኖረኝ አለች። አጎቷ ክፉኛ አያት፤ ከእሱ ጋር ነበር የመጣችው።

ማክሰኞ ዕለት ተረኛዋ ብቻዋን ወደ መደብሩ ተመለሰች። ባለቤቱ ምሳ ወጥቶ ባለሙያው ነበር ባንኮኒው ላይ። የጻፈችውን ዝርዝር ሰጠችው። ዝርዝሩ የኩባንያ ስም የለውም፤ የሚፈለገውን ሥራ ነው የሚናገረው። ፕሮሰሰሩ አንዷን ሥራ ቶሎ የሚጨርስ ይሁን፤ ራሙ ስልሳ አራት ጊጋ፤ ዲስኩ የማይሽከረከር፣ ሲነሳ የማያስጠብቅ፤ ሳጥኑ ድምፅ የሌለው፣ መብራት የሌለበት፤ ስክሪኖቹ አራቱም አንድ ዓይነት፣ ፊታቸው የማያንጸባርቅ፤ የስክሪን ካርዱ አራቱን በየራሳቸው ገጽ የሚያሠራ።

ባለሙያው አንብቦ ሲጨርስ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ትንሽ ሳጥን አወጣ። ውስጡ መዳፍ የማታክል ካርድ አለች፤ ጀርባዋ ላይ አራት ጥቃቅን መሰኪያዎች ተደርድረዋል። ለቢሮ ሥራ የተሠራች እንደሆነች፣ ጌም ስለማትችል ማንም ዞር ብሎ እንደማያያት፣ ሁለት ዓመት እዚያው እንደተቀመጠች ነገራት። ዋጋዋ የዚያኛው አንበሳ ካርድ ሩብ አይሞላም።

ቀጥሎ ዝርዝሯ ላይ በትህትና እርማት አደረገ። «እትዬ፣ ከራሙ ግማሹ ይበቃዎታል። የተረፈውን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያድርጉት። እሱን ርካሽ አድርገው ነው የጻፉት።»

ተረኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ ተመለከተችው። የኤሌክትሪክ ሰው ሆና፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያድለውን ክፍል በርካሽ ልታልፈው ነበር። አፈረች፤ ማፈሯንም አልደበቀችም። «ይሄን ለመሥሪያ ቤቴ ሰዎች እንዳትነግርብኝ» አለችና አስተካከለችው።

ባለቤቱ ከምሳ ሲመለስ ባለሙያው እየገጠመ፣ እሷም ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እየተመለከተች አገኛቸው። ካርዷን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «ማዘር፣ ይሄ ደካማ ካርድ ነው፤ በኋላ ይቆጫሉ» አለ።

«እዚህ ሱቅ ውስጥ ማዘር የሚባለው ማዘርቦርዱ ብቻ ነው» አለችው። «እኔ ደንበኛ ነኝ።»

አራቱም ስክሪኖች ካልበሩ፣ በርተውም ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይጠፉ ካልቆዩ፣ ገንዘብ እንደማትከፍል ነገረችው። ስክሪኖቹን በየተራ አንዴ ሙሉ ነጭ፣ አንዴ ሙሉ ጥቁር አስደረገቻቸው። ሦስተኛው ላይ አንዲት የማትበራ ነጥብ አገኘችና ቀይሩልኝ አለች። ባለቤቱ ነጥቧን ፈልጎ አጣት፤ በጣቷ አሳየችው። ተቀየረ። ከዚያ የመጽሔት ገጽ እያገላበጠች ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ገበያተኛ ሲገባ አራቱን ስክሪን አይቶ ምንድን ነው ይላል፤ ባለቤቱም መጀመሪያ እያጉረመረመ፣ በኋላ ግን ራሱ እንዳሰበው ሁሉ እየኮራ ያብራራ ጀመር። ካርዷ አልሞቀችም፣ አልጮኸችም።

ዕቃውን ለመውሰድ ወንድሟ መጣ። ማን እንደነገረው አልጠየቀችውም። ስክሪኖቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ሁለት ፎቅ ወጣ፤ ካርቶኖቹንም ከግድግዳው ላይ ራሱ ነቅሎ አወረዳቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሰረች። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አልነበረም፤ እንዲያውም አራቱ ስክሪኖች ስህተቷን ጥርት አድርገው አሳዩዋት። ሁሉም ነገር ፊቷ ላይ ሲሰጣ እጇን በላት፤ በመቆጣጠሪያ ክፍል የቀላ መስመር ሁሉ ወዲያው መልስ ይፈልግ ነበር፣ እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው መልስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። እንዳለችውም ለወንድሟ ደወለችና የከሰረችውን ሳትቀንስ ነገረችው። እሱም «እንግዲህ» ብሎ ዘጋው። በማግስቱ ወረቀቷ ላይ አንድ ሕግ ጨመረች፦ በቀን ከሁለት ግዢ አይበልጥም። ሥራው የተስተካከለው ከዚያ ወዲያ ነው።

በአምስተኛው ወር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ መብራት ሄደ። የገዛችው አክሲዮን ገና እጇ ላይ ነበር። አምፖሉ ሁለት ጊዜ ተርገብግቦ መጥፋቱን አይታ፣ መስመር ላይ ቅርንጫፍ ነገር እየነካካ ነው፣ ቶሎ አይመለስም አለች ለራሷ። ሦስቱ ስክሪኖች ጠቁረው የትእዛዙ ብቻ በርቶ ቀረ። ባትሪው ጢጥ ጢጥ ይላል። ዋጋውን አየች፣ ሸጠች፣ መሸጡን የሚያረጋግጠውን መልእክት እስኪመጣ ጠበቀች፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ዘጋች። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ አልሞላም። መብራቱ የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ለአንዲት ቅጽበት፣ አሁን ማን ይሆን ተረኛው ብላ አሰበች፤ ከዚያ ወጥታ ልብስ አሰጣች።

አሁን ዓመት አልፏታል። ሀብታም አልሆነችም። የዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ የከሰረችውን ሁሉ መልሳ ትንሽ ትርፍ አገኘች፤ ለመኖሪያ የሚበቃ አይደለም፣ የሚያኖራት አሁንም ጡረታዋ ነው። ሰው ሲጠይቃት ይህንኑ ትናገራለች። ስንት አተረፍሽ ብሎ ዓይኑን የሚያፈጥ ሰው ቅር ብሎት ይሄዳል፤ እሷን አይከፋትም። የመደብሩ ባለሙያ ብዙ ስክሪን የሚፈልግ ሰው ሲመጣበት አንዳንዴ ይደውልላታል፤ ስለ ባትሪው ትነግረዋለች።

ወንድሟ ሐሳቡን አልቀየረም። ቁማር ነው ብሎ እንደቆመ ነው። ግን ሳምንት አንድ ቀን ጋዜጣውን ይዞ ይመጣና ከኋላዋ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ሐሙስ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ከመሃለኞቹ ስክሪኖች በአንዱ ላይ ያለው መስመር ለምን እንደቀላ ጠየቃት። የገዛሁት እየወረደ ነው አለችው። ታዲያ ሽጪዋ አላት። ገና ነው፣ ልሸጥበት የወሰንኩት ዋጋ ላይ አልደረሰም አለች። ወረደ፤ ደረሰ፤ ሸጠች። የቀኑ የኪሳራ ልክ ሞላ፣ ሰዓቱ ግን ገና አራት ተኩል ነበር።

«አላልኩሽም?» አለ ወንድሟ።

«ብለኸኛል» አለችው። ኪሳራውን ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ አራቱን ስክሪኖች አንድ በአንድ አጠፋች፣ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «ዛሬ ተሸንፌያለሁ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እገባለሁ። መምጣት ከፈለግህ ቀደም ብለህ ና፤ ከተጀመረ በኋላ በር አልከፍትም።»